የከተማ ዕድሳትና የሰፈር ኑሮ

ከተማ የቤቶችና የመንገዶች ክምችት ብቻ አይደለም። ሰው ከሰው ተጠጋግቶ፣ ሙያውን ከሌላው ሙያ፣ ገበያውን ከሌላው ገበያ አያይዞ የሚኖርበት ሥፍራ ነው። ቤት በድንጋይ፣ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ይሠራል፤ ከተማ ግን የሚቆመው በቤቶቹ መካከል በሚመላለሰው ኑሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሰፈር አርጅቷልና ይታደስ በሚባልበት ጊዜ አስቀድሞ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። የሚታደሰው ቤቱ ነው ወይስ ኑሮው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሚጀመር ዕድሳት መልኩ ያማረ ቢሆንም እንኳ ከተማዋን ለገዛ ነዋሪዎቿ ባዕድ ሊያደርጋት ይችላል።

የከተማ ፕላን ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ጉዳዩን ለመሐንዲሶችና ለባለሥልጣኖች ብቻ ይተወዋል። እርግጥ ነው፣ የፍሳሽ መውረጃ ቦይ ምን ያህል መዝቀዝቀዝ እንዳለበት ወይም አንድ ድልድይ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም የሚወስነው የተማረ ባለሙያ ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን የክረምት ውኃ የሚያቁርበት ጉድጓድ የትኛው እንደሆነ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚፈሩት ጥግ የት እንዳለ፣ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚደርሱበት አቋራጭ በየት በኩል እንደሚያልፍ አጥርቶ የሚያውቀው ነዋሪው ነው። የፊተኛው ዕውቀት ከትምህርት ቤት ይገኛል፤ የኋለኛው ከኑሮ ይገኛል። አንደኛው ያለ ሁለተኛው ጎዶሎ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ታሪክ ከወደ አሜሪካ ይገኛል። ጄን ጄከብስ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ በተባለው ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ጋዜጠኛ ናቸው። የከተማ ፕላን ትምህርት ተምረው ዲግሪ አልጫኑም። ዕውቀታቸው የመነጨው ከተማን ከመውደድና መንገዱን በየዕለቱ ከመመልከት ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት ዐዋቂዎች ያረጀ ሰፈርን ሙሉ በሙሉ አፍርሶ፣ በምትኩ ረጃጅም ሕንፃዎችንና ሰፋፊ የመኪና መንገዶችን መሥራት ብቸኛው መድኃኒት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጄከብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን እምነት ተቃወሙ። የመንገድ ጸጥታ የሚጠበቀው በፖሊስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ባለሱቁ፣ በመስኮት ብቅ የሚለው ጎረቤት፣ ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው አዛውንት ሁሉ ሳይታወቃቸው ዘበኞች እንደሆኑ አስረዱ። መኖሪያው፣ ሱቁና የሥራ ቦታው የተቀላቀሉበት ሰፈር ሕይወት እንዳለው፣ ሁሉም ለየብቻ የተለየበት ሰፈር ግን ቀን ወይም ማታ ጭር እንደሚል አሳዩ። በትልቁ ባለሥልጣን በሮበርት ሞዘስ አማካይነት የታቀደውና ታችኛውን ማንሃተን ሰንጥቆ ሊያልፍ የነበረው አውራ ጎዳና ሳይሠራ የቀረውም እርሳቸውና ጎረቤቶቻቸው በአንድነት ስለ ተከራከሩ ነው። ከተማውን የሚወድ ተራ ዜጋ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ነገር ለባዕድ አገር ብቻ የሚስማማ ሊመስል ይችላል። ይሁንና የአዲስ አበባ ታሪክ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በማስመሪያ ተሰምሮ የተዘጋጀ ፕላን አልነበራትም። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃ አጠገብ ያሠሩት ቤት መነሻ ሆኖ፣ መኳንንቱ በየኮረብታው ላይ ቦታ እየተሰጣቸው ሠፈሩ፤ ጭፍራቸውና አሽከራቸውም በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሰ። ራስ መኰንን፣ ራስ ብሩ፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስማቸው በሰፈር ወይም በድልድይ ላይ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሠራተኛ ሰፈርን የመሰሉት ደግሞ ስማቸውን ያገኙት ከነዋሪዎቹ ሥራ ነበር። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሠራዊት ጉዞውን ገትቶ ከሚያርፍበት ቦታ የተወሰደ መሆኑ የከተማዋን አመጣጥ ይመሰክራል።

የዚህ ዓይነቱ አሠፋፈር ጉድለት ነበረበት። መንገዱ ጠማማ፣ ወንዙ ያለ ድልድይ፣ ቤቱም የተጠጋጋ ነበር። ሆኖም አንድ ትልቅ ጠባይ ትቶ አልፏል። በአዲስ አበባ ሀብታምና ድኻ ለየብቻ ተከልለው አልኖሩም። ከባለ ፎቁ ግቢ አጥር ሥር የቀን ሠራተኛው ጎጆ፣ ከጎጆው ጎን የሸማኔው ቤት፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጠጅ ቤቱ ይገኝ ነበር። በብዙ የዓለም ከተሞች ሀብታምና ድኻ በተለያየ ሰፈር ተለያይተው ሲኖሩ፣ በአዲስ አበባ ግን ለብዙ ዘመን በአንድ እድር ተቀብረዋል፤ በአንድ ማኅበር ጠጥተዋል።

ይህን ጠባይ ለመለወጥ የመጀመሪያውን ታላቅ ሙከራ ያደረገው የፋሺስት ወራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ዝነኛው የሕንፃ ጥበብ ሊቅ ሌ ኮርቡዚዬ አዲስ አበባን በዓይኑ ሳያይ ንድፍ ሠራላት። በንድፉ ላይ አንድ ሰፊ ጎዳና ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ነባሩ ሰፈር ግን እንዳልነበረ ተቆጥሯል። ይህ ንድፍ ከወረቀት ባያልፍም፣ ጉይዲና ቫሌ የተባሉት የኢጣሊያ አርክቴክቶች ያወጡት ፕላን በከፊል ሥራ ላይ ዋለ። የፕላኑ መሠረታዊ ሐሳብ ነጩን ከጥቁሩ መለየት ነበር። በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይቆም የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ የሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሠሪው የሚሠራለትን ሕዝብ ሳያውቅና ሳያከብር ሲቀር ፕላን የጭቆና መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የተገፋው ገበያ አለመሞቱ ነው። ከየአገሩ የመጣው ነጋዴ ብልሃቱንና እምነቱን ይዞ ገባበትና መርካቶን በአፍሪካ ከታወቁት ገበያዎች መካከል አንዱ አደረገው።

ከነፃነት በኋላም ፕላኖች ተከታትለው ወጡ። የታላቋን ለንደን ፕላን ያዘጋጁት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባ ፕላን አወጡ። ቀጥሎ ሌሎች እንግሊዞች፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ፈረንሳዊው ዴ ማርያን ሌላ ፕላን ነደፉ። ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ጎልቶ የወጣው በዚህ የኋለኛው ሐሳብ መሠረት ነው። እነዚህ ፕላኖች ለከተማዋ ያበረከቱት ጥቅም አይካድም። ዋና ዋና መንገዶችን፣ አደባባዮችንና የሕዝብ ሕንፃዎችን ሥርዓት አስያዙ። ነገር ግን ከዋናው ጎዳና ጀርባ ያለው ሰፈር ብዙም አልተነካም፤ አልተጠናምም። ከተማዋ ከፊት ሕንፃ፣ ከኋላ የጭቃ ቤት ሆና ኖረች።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ተዛወሩ፤ የድኻው ኪራይም ተቀነሰ። ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ከዚያ የሚገኘው ኪራይ ቤቱን ለማደስ አይበቃም። ተከራዩ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም፤ ያለ ፈቃድም መጠገን አይችልም። ቀበሌውም አቅም የለውም። እንዲህ ሆኖ ጭቃው ተቦረቦረ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ማገሩ በሰበሰ፤ በአንጻሩ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ቁጥር ጨመረ። የከተማዋ መካከል ያረጀው ነዋሪው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ ማንም ኃላፊነቱን ወስዶ እንዳይጠግን ያደረገ አሠራር ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በእነዚህ ሰፈሮች የነበረው ችግር እውነተኛ ችግር ነው። አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ፣ አንድ ቧንቧ ለሙሉ መንደር፣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ጣሪያ በፍቅርና በጉርብትና ብቻ የሚታለፉ ነገሮች አይደሉም። ያለ ፕላን መሥፈር ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው በወንዙ ዳርና አካባቢ ብዙ ሰው ሠፍሮ ስለነበረ ነው። ስለዚህ «ሰፈሩ እንዳለ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው» የሚል ሰው የነዋሪው ወዳጅ አይደለም። ድህነትን እንደ ቅርስ ጠብቆ ማቆየት ተገቢ አይሆንም። ክርክሩ መታደስ አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ ሳይሆን፣ እንዴትና ለማን በሚለው ላይ ነው።

በጭቃው ቤት ውስጥ ያለውን ኑሮ ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ከዓይን የተሰወረ ሀብት ያገኛል። ለምሳሌ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ትወሰድ። ጤፉን ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት በዱቤ ታስፈጫለች። እንጀራውን ለአካባቢው ምግብ ቤቶችና ለጎረቤት ታከፋፍላለች። ገበያ ስትወርድ ሕፃኗን ጎረቤቷ ትይዝላታለች። በወር አንድ ጊዜ ዕቁብ ትጥላለች፤ ያ ዕቁብ የደረሳት ጊዜ የትምህርት ቤት ወጪ ይሸፈናል። ሐዘን ቢደርስባት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ያስተናግዳል። የዚህች ሴት ሀብት አራቱ የጭቃ ግድግዳዎች አይደሉም። ዱቤው፣ ደንበኛው፣ ጎረቤቱ፣ ዕቁቡና እድሩ ናቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት በከተማ ኑሮ የምክር ቃል ብቻ ሳይሆን የኢኮኖሚ ሕግም ጭምር ነው። ይህ ሁሉ ግን በካርታ ላይ አይታይም። መሐንዲሱ የቤቱን ስፋት በካሬ ሜትር ይለካል፤ የዱቤው መጠን በምን ይለካል?

የአገሪቱ ሕግም ቢሆን ይህን ነገር መገንዘቡ አልቀረም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ ለመወሰን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ለንብረት ከሚከፈለው ካሳ በተጨማሪ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንደሚገባ ደንግጓል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሰው ከሰፈሩ ሲነሣ የሚያጣው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አለመሆኑን ሕግ አውጪው ራሱ መስክሯልና። ይሁንና ለተበተነ እድር የሚሰጥ ገንዘብ እድሩን መልሶ አያቋቁምም። ካሳ ቁስልን ያሽራል እንጂ ቁስል እንዳይደርስ አያደርግም። ከካሳ የሚበልጠው ትስስሩ እንዳይበጠስ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በስፋት የተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የሚባሉት እነዚህ ቤቶች በአፍሪካ ውስጥ በመንግሥት ከተሠሩት ሰፊ የቤት ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ። ሃያ በመቶውን ቆጥቦ፣ ሰማንያ በመቶውን በባንክ ብድር ከፍሎ ባለቤት መሆን መቻሉ ከዚያ በፊት ቤት ይኖረኛል ብሎ ያላሰበውን ብዙ ሰው ባለቤት አድርጓል። የአገሩን ባህል በማሰብ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት በየሕንፃዎቹ አጠገብ እንዲሠራ መደረጉም የሚመሰገን ነው። ይህ ፕላን አውጪዎቹ ስለ ነዋሪው ኑሮ ባሰቡ ጊዜ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳያል።

ነገር ግን ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የመሳሰሉት ታላላቅ ሠፈራዎች የተሠሩት በከተማዋ ዳርቻ ነው። በመካከለኛው ከተማ በእግሩ ሄዶ ሥራው ይገባ የነበረ ሰው ከዚያ ሲኖር ጧት በጨለማ ተነሥቶ ለታክሲና ለአውቶቡስ መሰለፍ ግድ ይሆንበታል። ለመጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ከምግቡ ላይ ይቀነሳል። ጉሊት ትቸረችር የነበረችው ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ለማን ትሸጣለች? ዕጣ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ወርኃዊ ክፍያውን መቻል አቅቷቸው ቤቱን ለሌላ አከራይተው ወደ ሌላ ደሳሳ ቤት የተመለሱት ከዚህ የተነሣ ነው። ቤት አግኝተዋል፤ ኑሮ ግን አላገኙም። ስሕተቱ ያለው በሕንፃው ላይ ሳይሆን በቦታው ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ጥያቄውን በበለጠ አጉልቶታል። ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ሰፊ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የአረንጓዴ ሥፍራና የወንዝ ዳር ማስዋብ ለከተማዋ ያስፈልጓት የነበሩ ነገሮች ናቸው። እግረኛው ከመኪና ጋር ተጋፍቶ የሚሄድበት ዘመን እንዲያልፍ የማይመኝ የለም። በዚያው ልክ በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፤ ለዘመናት አብረው የኖሩ ጎረቤታሞችም ወደ ልዩ ልዩ ሥፍራ ተዛውረዋል። ይህን ሥራ በፍጥነቱና በውበቱ ብቻ የሚለካ ሰው ግማሹን ብቻ ያያል። ሌላው ግማሽ የሚታየው የተነሡት ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንዳሉና እንዴት እንደሚኖሩ በተጠየቀ ጊዜ ነው። ያማረ መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መንገዱን ማድነቅ ያስቸግራል።

ፈጣን ዕድሳትን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሊናቅ አይገባውም። የመካከለኛው ከተማ መሬት እጅግ ውድ ነው፤ በዚህ መሬት ላይ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው ማስፈር ከተማውን ገቢ ያሳጣዋል ይላሉ። ከሁሉም ጋር መመካከር ደግሞ ሥራውን ያጓትታል፤ ሁሉ እስኪስማማ ሲጠበቅ ትውልድ ያልፋል ሲሉም ያክላሉ። የፊተኛው እውነት ቢመስልም ሒሳቡ ሙሉ አይደለም። ወደ ዳር ለተወሰደው ሕዝብ አዲስ መንገድ፣ አዲስ የውኃ መሥመር፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ጤና ጣቢያና አውቶቡስ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ያው ከተማ ነው። ሥራውን ያጣው ሰው የሚያስከትለው ኪሣራም አለ። በመሬቱ ዋጋ ላይ የተገኘው ትርፍ ከዚህ ወጪ ጋር ተቀናንሶ መታየት ይገባዋል። የኋለኛው ምክንያትም ቢሆን ፍጥነትን ከጥድፊያ ጋር ያደባልቃል። ከሕዝብ ጋር አስቀድሞ የተመከረበት ሥራ ሲጀመር ቢዘገይም ሲፈጸም አቤቱታና ክርክር አያሰናክለውም።

ማፍረስ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በሐረር፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ ውስጥ፣ ጁገል ዛሬም ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በ5ቱ ጥንታዊ በሮቿ ገብቶ በጠባቡ መተላለፊያ የሚጓዝ ሰው ከሙዚየም ውስጥ አይደለም፤ ልጆች ከሚጫወቱበት፣ ሴቶች ቅመም ከሚሸጡበት፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ከሚያሽከረክርበት ሰፈር ውስጥ ነው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከተቆጠሩላት ነገሮች መካከል 82ቱ መስጊዶችና 102ቱ የጸሎት ሥፍራዎች ቢገኙበትም፣ ውስጡ በመደብና በግድግዳ ጌጥ የተደራጀው የሐረሪ መኖሪያ ቤት ከዋነኞቹ አንዱ ነው። የቆየ ቤት ሰው ስለሚኖርበት ጥበቃ ያገኛል፤ ሰው የሚኖርበትም ስለሚጠገን ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤት ሳይፈርስ ታድሶ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። እንደ አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ያሉ ባለሙያዎች የከተማዋን ቀደምት ቤቶች እየዞሩ አጥንተው በመጽሐፍ በማቅረባቸው፣ አሮጌ ይባል የነበረው ነገር ምን ዓይነት ጥበብ እንዳለበት ሕዝብ ሊያውቅ ችሏል።

ታዲያ በአግባቡ የሚታደስ ሰፈር ምን ይመስላል? ሥራው የሚጀምረው በግሬደር ሳይሆን በእግር ነው። ፕላን አውጪው ሰፈሩን በጧት፣ በቀትርና በማታ ይመላለስበታል፤ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ከእድሩ ዳኞችና ከወጣቶቹ ጋር ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ሊጠገን የሚችለውን ቤት ከማይጠገነው ይለያል። ለሚጠገነው የባለቤትነት ዋስትናና አነስተኛ ብድር ቢሰጥ ነዋሪው ራሱ ያድሰዋል። የማይጠገነውም ቢሆን በአንድ ቀን ሁሉም አይፈርስም። በሰፈሩ ጥግ ባለ ባዶ ቦታ ላይ አስቀድሞ አንድ ሕንፃ ይቆማል፤ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች እዚያ ይገባሉ፤ የለቀቁት ቦታ ለሁለተኛው ሕንፃ ይሆናል። እንዲህ በተራ እየተሠራ ሰፈሩ ይታደሳል፤ እድሩም አይበተንም። የሕንፃው ምድር ቤት ለሱቅ፣ ለወፍጮ ቤት፣ ለእንጀራ ጋጋሪዎችና ለጉሊት ሲተው ሥራው ከቤቱ ጋር አብሮ ይኖራል። ቀሪው መሬት ደግሞ ለነጋዴ ተሸጦ ወጪውን ይሸፍናል። ይህ አሠራር ከሁሉ የተቃለለው አይደለም። ነገር ግን ነዋሪው ያልተገፋበት ዕድሳት የሚገኘው በዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ነው።

ይህ እንዲሆን ግን የሚጠይቅ ዜጋ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በጥንት ጊዜ በዚያ ገደላማ ሥፍራ ቀማኛ ያገኘው ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ሰው የሌለበት፣ የሚያይና የሚሰማ ጎረቤት ያልነበረበት ቦታ ነበርና ጩኸቱ ከንቱ ሆነ። ከተማም እንዲሁ ነው። ስለ ከተማው ግድ የሚለው ሰው ከጠፋ፣ የሚፈርሰውም የሚሠራውም ነገር ያለ ተመልካች ይቀራል። በአንጻሩ በየሰፈሩ የሚመለከት፣ የሚመዘግብና የሚጠይቅ ሰው ካለ ፕላን አውጪው ይጠነቀቃል፤ ባለሥልጣኑም ያዳምጣል።

ስለ ከተማ ማወቅ ከፍተኛ ትምህርት እስኪደርስ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ስንት ዛፍ፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት የውኃ ቧንቧ እንዳለ መቁጠር ይችላል። መንገዱ ለዓይነ ስውርና ለአካል ጉዳተኛ ይመች እንደሆነ መመልከት ይችላል። አያቱን ወይም የሰፈሩን አዛውንት ጠይቆ የሰፈሩ ስም ከየት እንደመጣ፣ ቀድሞ በዚያ ምን እንደነበረ መጻፍ ይችላል። እንዲህ ያደረገ ተማሪ ነገ መሐንዲስ ቢሆን የሚሠራለትን ሰው ያውቃል፤ ባለሥልጣን ቢሆን የሚፈርመው ወረቀት የማንን ደጃፍ እንደሚነካ ይረዳል፤ ከሁለቱም አንዱን ባይሆን እንኳ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚናገረው ቁም ነገር ይኖረዋል።

ከተማ በየዘመኑ ይለወጣል፤ ሳይለወጥ የሚኖር ከተማ ፍርስራሽ ብቻ ነው። አዲስ አበባም ከድንኳን ወደ ጎጆ፣ ከጎጆ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ፎቅ ተሸጋግራለች፤ ወደፊትም ትሸጋገራለች። የዕድሳቱ ሚዛን ግን የሕንፃው ቁመትና የመንገዱ ስፋት ብቻ ሊሆን አይገባውም። በጭቃው ቤት ውስጥ እንጀራ ትጋግር የነበረችው እናት በአዲሱ ሕንፃ ሥርም ምጣዷን ጥዳ ደንበኞቿን ስትጠብቅ የተገኘች እንደሆነ፣ ያ ሰፈር በእውነት ታድሷል ማለት ይቻላል።